ተጋጣሚ እየፈለገ ነው

ገነነ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከስክሪኑ ማዶ ያለው ሰው እንዳያውቀው። በየቀኑ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያጠልቅ ጣቱ መጀመሪያ የምትሄደው ማይኩ ጋ ነው፤ መዘጋቱን ሳያረጋግጥ ጆይስቲክ አይነካም።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከሩቅ ነው የመጣው።

ገነነ በሕይወቱ ሰው መርጦ አያውቅም፤ ሲመረጥ ነው የኖረው፣ እሱም ከተመረጠ። ሰፈር ውስጥ ለኳስ ቡድን ሲከፈል መጨረሻ የሚቀረው እሱ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ሲያቋርጥ «ያ ልጅ የት ገባ?» ያለ አስተማሪ የለም። አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ከቸርችል ጎዳና ወደ ውስጥ በሚታጠፍ ቅያስ ላይ የስልክ ቻርጀርና ሽፋን የሚሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ አለችው፤ መንገድ ሲሰፋ ሁለት ጊዜ ተነቅላ ሁለት ጊዜ የተተከለች። ሁለቱንም ጊዜ ጎረቤቶቹ ወደ ፊት ሲወጡ እሱ ወደ ኋላ ገባ። ዕድል እንዲህ ናት፤ ፊት አይታ ነው የምታድለው።

ክረምት ሲገባ ገበያው ይሞታል። ያኔ ከሰዓት ሱቁን ይቆልፍና ሁለት በር አልፎ ካሚላ ጌም ቤት ይገባል።

ካሚላ ቤቱን የተረከበችው ሳዑዲ ከሄደ ወንድሟ ነው። ሰው ሲቀልድባት እንኳ ፊቷ የማይከፋ፣ ቁጥብ ልጅ ናት። የቤቱ ሕግ ግን ገነነ በወጣትነቱ ከሚያውቀው የፒያሳ ጌም ቤት ሕግ አልተለወጠም። ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሣል፣ ቀጥሎ ማን እንደሚገባ የተቀመጠው ይመርጣል። ጎበዙ ወዳጁን ይመርጣል፤ አለዚያም የሚያሸንፈውን፤ አለዚያም የሚያስቀውን። ጥግ ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ተራው አይደርስም።

«ኢዩኤል፣ አንድ ጨዋታ» ብሎት ነበር አንድ ቀን፣ የቤቱን ንጉሥ።

«ፋዘር፣ ከአንተ ጋር የምጫወተው ጡረታ ስወጣ ነው።»

«ያኔ እኔ ሞቼ?»

«እሱንም አስቤበታለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ገነነም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ካሚላ ይህን አይታ ነው ጥግ ላይ ያለው ስክሪን ፊት ወስዳ ያስቀመጠችው።

«ተዋቸው ጋሽ ገነነ። ኦንላይን ተጫወት። ይሄ ክብ ሲዞር ታየዋለህ? ተጋጣሚ እየፈለገልህ ነው። ችሎታህን ያያል፣ የኢንተርኔት መስመርህን ያያል፤ እኩያህ ቅርብ ካለ ቅርቡን ይሰጥሃል።»

«ፊቴንስ?»

«ፊትህን ምን ሊያደርገው?»

«የማን ልጅ ነህ አይልም?»

«ጋሼ፣ ማሽን እኮ ነው። ዘመድ የለውም። ይልቅ የምትጠራበትን ስም ንገረኝ።»

«ማንም በይው» አላት።

መጀመሪያ ሰሞን ማሽኑም አላወቀውም። አንዱ መጥቶ ይቀጠቅጠዋል፣ ሌላውን እሱ ይቀጠቅጠዋል። ከዚያ እያደር ሚዛኑ ተስተካከለ። አንድ ከሰዓት «ጊዮርጊስ» ከሚባል ሰው ጋር አገናኘው። ፒያሳ ውስጥ ጊዮርጊስ ነኝ የማይል ማን አለ? ግማሹ ለታቦቱ፣ ግማሹ ለቡድኑ። ስሙ ምንም አልነገረውም። ጨዋታው ግን ነገረው። አንድ ለአንድ ወጡ። በማግሥቱ ገነነ ረታ፣ በሣልስቱ ተረታ። ሲሸነፍ እንኳ አልመረረውም። እኩያ ሲያሸንፍህ ነገ እንደምትመልስለት ታውቃለህ፤ አልቻልህም እንጂ አልተናቅህም። ገነነ ይህን ስሜት በዚህ ዕድሜው ነው ያወቀው።

እንዲህ ሆኖ ሳምንታት ሄዱ። ከዕለታት አንድ ቀን ጊዮርጊስ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ኳሷን አስቀመጠና በማዳመጫው ውስጥ በሻካራ ድምፅ፣ ልክ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ «አይዞሽ እናቴ» አላት።

በዓለም ላይ ኳስን «አይዞሽ እናቴ» የሚል አንድ ሰው ነው። ኤርሚ። የወርቅ ቤቱ ልጅ ኤርሚ።

የገነነ እናት አልጋነሽ አትክልት ተራ ጎመን ነበር የምትሸጠው። እሱም ጎመኑን ተሸክሞ ለደንበኞቿ ቤት ያደርስ ነበር፤ ወደ ኤርሚ ቤት ጭምር፣ በጓሮ በር። ሁለቱም ሃያ ዓመት ሲሆናቸው ፒያሳ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ፕሌስቴሽን ቤቶች ተከፈቱ፣ ኤርሚም የአንደኛው ንጉሥ ሆነ። አንድ ቀን ኤርሚ የሚመርጠው ሰው ሲያጣ ገነነን መረጠው። ገነነ ገና ከመቀመጡ አንድ ጎል አገባ። ያኔ ኤርሚ ከኪሱ መሐረብ አወጣና ገነነ ቀድሞ ነክቶት የነበረውን የራሱን ጆይስቲክ ጠረገው። አሸተተው። «ጎመን ጎመን ይላል» አለ። ጆይስቲኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ጨዋታው አላለቀም። የኤርሚ ተጫዋቾች ሜዳው መሐል እንደ ሐውልት ተገትረው ቀሩ፣ ገነነ ፊት ለፊታቸው ኳስ ይዞ ቀረ፣ ቤቱ ሙሉ ሳቀ።

በፒያሳ ጌም ቤት ጆይስቲክ ማስቀመጥ ከጥፊ ይብሳል። ጥፊ የሚመታህ ሰው ቢያንስ ነክቶሃል። ገነነ ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከምኒልክ አደባባይ ወደ አትክልት ተራ ሲወርድ የእነ ኤርሚ ቤት ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል፤ ቤቱንም ቀና ብሎ አያይም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ስለዚህ ፈራ። ቢያውቀኝ ያስቀምጠዋል ብሎ ፈራ። በዓለም ላይ ያገኘው አንድ እኩያ እሱ ነው፤ ያ እኩያ ደግሞ «ጎመን ጎመን ይላል» ያለው ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማይኩን ዘጋ። ኤርሚ ያወራል፣ ይቀልዳል፤ እሱ ዝም።

«ማንም፣ ዱዳ ነህ እንዴ? ዱዳ ሆነህ እንዲህ ከተጫወትህ ምላስ ቢኖርህ ምን ልትሆን ነው?» ይለዋል።

ገነነ ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ ይላል። ፈገግ ማለቱም ያስፈራዋል።

ያ የሐምሌ ቀን ደረሰ። ዝናቡ የካሚላን ጣራ እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። በዝናቡ ምክንያት ቤቱ ባዶ ነው፤ ካሚላ ባንኮኒዋ ጋ ስልኳን ትነካካለች። ገነነ ተቀመጠ፣ ማይኩን ዘጋ፣ ክቡ ዞረ፣ ጊዮርጊስ መጣ። ገና ሳይጀምሩ በማዳመጫው ውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ኤርሚ፣ ከሰሉን በረንዳ ላውጣው?»

«ተይው የሺ። ብርድ አጥንቴ ገብቷል።»

«ገና አልነደደም እኮ፣ ይጨሳል።»

«ይጨስ። አንቺ ወደ ለቅሶሽ ሂጂ። ይሄን የጓሮ በር ዝጊው፣ ከሥሩ ነፋስ ይገባል፤ ያቺን ጋቢ ጠቅልለሽ ጠቅጥቂበትና በሳሎን ውጪ።»

እኅቱ የሺዓለም ናት። ባል ሞቶባት ወደ ወንድሟ ቤት መመለሷን ገነነ ከዚህ በፊት በጆሮው ከሰማው ወሬ ያውቃል። በሩ ሲዘጋ ሰማ። ሰማ፣ ግን አላዳመጠም። ዓይኑ ኳሷ ላይ ነበር።

ጨዋታው ቆንጆ ነበር። ኤርሚ ቀድሞ አገባ፣ ገነነ መለሰ። ገነነ መራ፣ ኤርሚ መለሰ። ሁለት ለሁለት። ኤርሚ ያስላል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል። «ዛሬ ራሴን ወቅሮ ያዘኝ ማንም፣ እንጂ አንተን...» አለና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ከዚያ ዝም አለ።

ከዚያ ቆመ።

የኤርሚ ተጫዋቾች ሜዳው መሐል ተገተሩ። ኳሷ ከአንደኛው እግር ሥር ናት፤ አይመታትም፣ አያቀብልም። ገነነ ጠበቀ። የኔትወርክ ነገር ይሆናል አለ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ምልክት ግን አረንጓዴ ነው። መስመሩ ደህና ነው።

አስቀመጠው።

አወቀኝ፣ አለ በልቡ። እንዴት እንዳወቀኝ እንጃ፣ ብቻ አወቀኝ፣ አስቀመጠው። ዓይኑ እንባ ሲያቅር ተሰማው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጌም ቤት ውስጥ ሊያለቅስ ነው። እንባውን ወደ ንዴት ለወጠው። ኳሷን ነጠቀና አገባ። ሦስት። የተከላከለው የለም። ደግሞ አገባ። አራት። «ተቀበል» አለ በጥርሱ መሐል፣ ለተዘጋ ማይክ። «ጎመን ጎመን ይላል አይደል? ተቀበል።» አምስት። ሃያ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ነገር በጣቱ ይወጣል። አንጀቱ ቅቤ ይጠጣ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ስድስት።

ስድስተኛዋን ሲያገባ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ አለ። ጣራው ጸጥ ሲል ከማዳመጫው የሚመጣውን ድምፅ ሰማ።

ማንኮራፋት ነበር። ግን የእንቅልፍ አይደለም። ከጉሮሮ ሥር ተጎትቶ የሚወጣ፣ ውኃ እንደያዘ ቧንቧ የሚንተከተክ፣ ቆም ብሎ ደግሞ የሚጀምር።

ገነነ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። በልጅነቱ እናቱ በተከራየችው ግቢ፣ ከግድግዳቸው ማዶ ሁለት የአትክልት ተራ ወዛደሮች ይኖሩ ነበር። አንድ የክረምት ምሽት ከሰሉን ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉ። ገነነ በስንጥቁ ግድግዳ በኩል ሲያንኮራፉ እየሰማ ነው እንቅልፍ የወሰደው። እናቱ «ምስኪኖች፣ ደክሟቸው ነው» ብላ ነበር። ጠዋት በሩ ሲሰበር ሁለቱም ሞተው ነበር፤ አንደኛው ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ እንዳለ።

ተይው የሺ፤ ይጨስ፤ በሩን ዝጊው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ወደቀ።

ጆይስቲኩ ከእጁ አምልጦ ጭኑ ላይ ወደቀ። ማይኩ ጋ ደረሰ፣ ጣቱ ግን አልታዘዝ አለው። ከከፈተው ይታወቃል። ሰው ሊሞት ነው፣ እሱ ደግሞ እታወቃለሁ ብሎ ይፈራል፤ ይህን ሲያስብ ራሱን ተጸየፈው። ከፈተው።

«ኤርሚ» አለ።

ማንኮራፋቱ ቀጠለ።

«ኤርሚ፣ ተነሥ። ከሰሉ ነው። ውጣ።»

ማዶ አንድ ነገር ተንኳኳ፤ እጅ ይሁን ዕቃ አይታወቅም። «ማ...» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ምንም። ማንኮራፋቱም ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ገነነ የራሱን ትንፋሽ ይዞ ጠበቀ። ተመለሰ። ከበፊቱ ቀጥኖ ተመለሰ።

«ካሚላ»

እንዴት አድርጎ እንደጠራት እንጃ፣ ልጅቷ ባንኮኒውን ዘላ ነው የመጣችው።

«ምን ሆንህ ጋሼ? ልብህ ነው?»

«ሰውዬው እየሞተ ነው። ይሄ የምጫወተው። ክፍሉ ውስጥ ከሰል አለ። ስሙ ኤርሚ ነው። ማዳመጫውን አድርጊና ጥሪው። እንዳታቆሚ።»

«የት ነው ያለው?»

የት ነው ያለው? እዚያ ጥያቄ ላይ ፍርሃቱ ሌላ መልክ ያዘ። ቤቱን ያውቀዋል፤ ግን ያን ሰፈር ግማሹን መንገድ በልቶታል። ሰዉ በየጥጉ ተበትኗል። ኤርሚስ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ቢሆን? ከከተማው ዳር አንዱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆን? በዚህ ሐሳብ ተገትሮ ቆሞ ሳለ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። በመስኮቱ ገባ። ካሚላ ልትወስደው ከያዘችው ማዳመጫም ያው ደወል ወጣ፣ ሰከንድ ዘግየት ብሎ፣ ጎላ ብሎ።

«እዚሁ ነው» አለ። «እዚያው ቤቱ ነው።»

«ሩጥ እንጂ ታዲያ» አለችው። ከኋላው ድምፅዋን ሰማ፤ «ጋሽ ኤርሚ፣ ይሰሙኛል? አይተኙ። ጋሽ ኤርሚ።»

ሮጠ። አዲሱ የእግር መንገድ ንጣፍ በዝናብ ሳሙና ሆኗል፤ ከማዘጋጃ ቤቱ በታች ወደቀ፣ ክርኑ ተላጠ፣ ተነሣ። ሰዎች ሌባ መስሏቸው ዞር ዞር አሉ። አንዱ ታክሲ ረዳት «ያዘው፣ ያዘው» ብሎ ቀለደ። ገነነ ዞር ብሎ ሳያየው አለፈው። በልቡ የሚቆጥረው ጎሎቹን ነበር። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አራት ጎል ለማግባት ምን ያህል ይፈጃል? ያን ያህል ጊዜ ነው ያ ሰው እየሞተ እሱ የጨፈረበት። ሦስተኛዋ ላይ ብነሣ ኖሮ፣ ይላል። አራተኛዋ ላይ ብነሣ ኖሮ።

አደባባዩን ዞሮ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ ቁልቁል ወረደ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ሳይሻገር ቤቱ ፊት ደረሰ። ፊት ግን የለም። ታላቁ የብረት በር የነበረበት ቦታ ፈርሶ በአረንጓዴ ቆርቆሮ ታጥሯል። በጡጫ ደበደበው። «ኤርሚ!» ቆርቆሮው ብቻ መለሰለት። መግቢያ የለም። ሞተ፣ አለ። በቃ ሞተ፣ እኔም በሩን አላውቀውም።

ከዚያ እግሩ ራሱ አሰበለት። እሱ በዚህ ቤት ፊት በር መቼ ገብቶ ያውቃል? የሱ በር ጓሮ ነው። በአጥሩ ሥር ዞረ፣ በቱቦው ጠርዝ ሄደ፣ ያቺ የእንጨት በር አለች። ዝቅ ብላለች፣ ጠቁራለች፣ ግን አለች። ያኔ ሠራተኞቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ ጎመን አምጪ የሚከፍትባት ቀዳዳ ነበረች፤ ጣትህን ታስገባለህ፣ መቀርቀሪያውን ወደ ላይ ትገፋለህ። ጣቱ ወፍራለች። አልገባም አለች። በትንሿ ሞከረ፣ ቆዳው ተገሸለጠ፣ መቀርቀሪያው ተነሣ።

ከጓሮው ጋር የሚገናኘውን የመኝታ ክፍል በር በትከሻው ገፋ። በእርጥበት አብጧል፣ ከሥሩም ጋቢው ተጠቅጥቋል። ሁለተኛ ገፋ። ሦስተኛው ላይ በሩና እሱ አብረው ወደ ውስጥ ወደቁ።

የገባበት ክፍል ሞቃት ነበር። ደስ የሚል ሙቀት፣ ከዝናብ ለመጣ ሰው ተቀመጥ ተቀመጥ የሚል። ገነነን ከሁሉ ያስፈራው ይሄ ነበር። ከሰሉ አሁን ጭስ የለውም፤ ቀይ ሆኖ በጸጥታ ይግላል። ስክሪኑ ላይ ጨዋታው አልቆ ውጤቱ ተጽፎ ቆሟል፣ ስድስት ለሁለት። ከወለሉ ላይ፣ ከወደቀው ማዳመጫ ውስጥ፣ እንደ ትንኝ የቀጠነች የካሚላ ድምፅ ትወጣለች፤ «ጋሽ ኤርሚ፣ አይተኙ፣ መጣልዎት፣ አይተኙ...»

ኤርሚ ከሶፋው ወርዶ በጎኑ ተኝቷል። ጆይስቲኩ በእጁ ነው። አላስቀመጠውም። ጣቱ እንደጨበጠው ደርቃለች።

ገነነ ትንፋሹን ይዞ በብብቱ ሥር ገባና ጎተተው። ኤርሚ ወፍሯል፤ የወርቅ ቤት ልጅ የወርቅ ያህል ከብዷል። መሐል ላይ ትንፋሹ አልበቃ አለው፣ አንዴ ሳበ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ነገር ዞረ። ሁለታችንም እዚህ እንቀራለን የሚል ሐሳብ መጣበት፤ የሺዓለም ስትመጣ ሁለት ሬሳ ታገኛለች፣ አንደኛው ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። በዚህ ፍርሃት ጉልበት አገኘ። ደፉን ተሻግረው ጓሮው ጭቃ ላይ ተዘረጉ። ዝናቡ ሁለቱንም ፊት መታ።

«ኤርሚ። ኤርሚ። በእናትህ።»

በጥፊ መታው። ሃያ ስድስት ዓመት የተመኛት ጥፊ ነበረች፤ እጁ ላይ ስታርፍ ግን ምንም አልጣመችውም። ደግሞ መታው። ኤርሚ አልተንቀሳቀሰም። ገነነ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ፤ የሚሰማው የራሱ ልብ ይሁን የሱ አልለይ አለው። ያን ጊዜ ነው ጮኾ ሰው የጠራው። ከጎረቤት የመጣ የለም፤ ጎረቤት የሚባለው ሁሉ ፈርሷል።

ከዚያ ኤርሚ በረጅሙ ሳበ። አስመለሰው። ገነነ በጎኑ ገለበጠው፣ ግንባሩን ያዘለት። እያስመለሰ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«ማን ነህ?» አለ።

«ገነነ።»

«የቱ ገነነ?»

የቱ። ይህች ቃል ከክርኑ ቁስል ይልቅ አቃጠለችው። «የአልጋነሽ ልጅ» አለ። «የጎመን ሻጯ።»

ኤርሚ ዝናቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ አሰበ። «እማማ አልጋነሽ... ካሮት ትሰጠኝ የነበረችው?»

«እሷው።»

«ነፍሷን ይማር። እንዴት... ማን ነገረህ?»

«ማንም እኔ ነኝ።»

ኤርሚ ሊስቅ ሞከረ፣ ሳል ወሰደው። «ዱዳው?»

«ዱዳው።»

ስለ መሐረቡ ምንም አላለም። ገነነ ፊቱን አጥብቆ አየው፤ መደበቅ አይደለም፣ አልነበረም። እዚያ ጭንቅላት ውስጥ ያ ቀን የለም። አልጋነሽ የሰጠችው ካሮት አለ፣ ልጇ የተሸከመው ነገር የለም። እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመት መንገድ የተሻገረው ብቻውን ነው።

የሺዓለም ከለቅሶ ስትመለስ ጓሮው ጭቃ ላይ ሁለት ሰው አገኘች። ጮኸች፣ ታክሲ ተጠራ። ታክሲው ውስጥ ሲያስገቡት ኤርሚ የገነነን እጅጌ ያዘ።

«ስንት ለስንት ነበርን?»

ገነነ ዝናቡን አየ። «ሁለት እኩል» አለ።

ኤርሚ ሐኪም ቤት ሰነበተ፤ ኦክስጅን ሰጡት፣ ዳነ። አንድ ቀን የሺዓለም ዣንጥላዋን ዘርግታ የገነነ ሱቅ ድረስ መጣች።

«ኤርሚ ቤት ይምጣ ብሎሃል። ሁለተኛ ጆይስቲክ ገዝቶልሃል። ከእንግዲህ የሰው ቤት ምን ይሠራል፣ አብረን እንጫወት ይላል።»

«እግዜር ይስጥልኝ በይው። ሥራ አለብኝ።»

«በፊት በር ነው የምትገባው፣ አዲስ በር አስወጥተናል።»

«አውቃለሁ የሺ። ሥራ አለብኝ።»

ካሚላ ይህን ሰምታ ተቆጣችው። «ነፍሱን አድነህ ቤቱ አልገባም ትላለህ? ወላሂ አንተ ሰው ስትገርም።»

«ቤቱ ከገባሁ የሚያስቀምጠኝ እሱ ነው» አላት። «ወንበሩን አሳይቶኝ፣ ጆይስቲኩን ሰጥቶኝ። እዚህ ግን እሱንም እኔንም ያስቀመጠን ማሽኑ ነው።»

ማሽኑ ግን አልረሳም። ገነነ ታክሲ ላይ ሁለት እኩል ቢልም፣ ማሽኑ የሚያውቀው ስድስት ለሁለትን ነው። በዚያች ጨዋታ እሱን ወደ ላይ አወጣው፣ ኤርሚን ወደ ታች አወረደው።

«ከፍ አልህ ጋሼ» አለችው ካሚላ ስክሪኑን አይታ። «አሁን የሚሰጥህ ከበድ ከበድ ያሉትን ነው።»

ሰጠውም። ክቡ በዞረ ቁጥር «ጊዮርጊስ» የሚለውን ስም ይጠብቃል፤ በቆመ ቁጥር የማያውቀው ስም ይመጣል፣ ይቀጠቅጠዋል። ኤርሚ መመለሱን የሺዓለም ነግራዋለች፤ እሱም በዚያኛው ጫፍ ተቀምጦ ሌላ ሰው እየደረሰው እንደሆነ ገነነ ያስባል። ምናልባት ከእሱ የተሻለ ሰው አግኝቶ ይሆናል። ምናልባት ዱዳው የጎመን ሻጯ ልጅ መሆኑን ካወቀ በኋላ፣ ጤናው ሲመለስ፣ መሐረቡም ትዝ ብሎት ይሆናል። ሲያስፈራራው የኖረው ነገር ይሄ ነው፤ አሁን ደግሞ ከሰል በሌለበት፣ በደረቅ ወንበር ላይ፣ ያው ፍርሃት ተመልሶ መጣ። ሆን ብሎ አልተሸነፈም። መሸነፍ ራሱ መጥቶ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ታች መለሰው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል፣ ክቡ ዞረ። ረጅም ዞረ። ገነነ ዓይኑን ጨፈነ።

ሲገልጠው «ጊዮርጊስ» ይላል።

ጣቱ ማይኩ ጋ ሄደች። ከፈተችው።

«ማንም?» አለ ሻካራው ድምፅ።

«ገነነ ነኝ።»

ገነነ የኤርሚ ተጫዋቾች እንዳይቆሙ፣ እንዳይገተሩ፣ ዓይኑን ተክሎ አየ። የኤርሚን መልስ ሳይጠብቅ ቀድሞ ተናገረ።

«ኤርሚ። መስኮቱ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው። በረዶ ሆኛለሁ።»

«በሩስ?»

«በሩም። ጀምር እንጂ አንተ ሰው፣ ጋቢ ለብሼ ነው የተቀመጥሁት።»

ገነነ ጀመረ።